«ወላሂ ምንም አልነካሁትም!» እና ሌሎች የጀማሪ ፕሮግራመር እምነቶች

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያለችው ኮምፒውተር ቤቴ ዋና ሥራዋ ፎቶ ኮፒና ፕሪንት ነው። ማታ ማታ ግን ሌላ ሥራ ይመጣባታል። የኮሌጅ ተማሪዎች ፍላሽ ይዘው ይገቡና «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን አሳይመንት እይልኝ» ይላሉ።

ባለፈው ሳምንት የመጣው ልጅ የኮምቦልቻ ነው። የሐረጎን ዳገት እየወጣና እየወረደ ነው የሚማረው። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ከጀመረ አንድ ወር አልሞላውም። አሳይመንቱ ቀላል ናት፦ የባጃጅ ታሪፍና የተሳፋሪ ብዛት ተቀብሎ ሒሳቡን ማውጣት፣ ከዚያ የቀኑን ምልልስ ገቢ መደመር። ስክሪኑ ግን ቀይ በቀይ ሆኗል።

«ወላሂ ምንም አልነካሁትም! ትናንት ይሠራ ነበር» አለኝ።

«ምንም ሳልነካው ራሱ ተበላሸ»

ኮድ ሌሊት ተነስቶ አይለወጥም። ቀዩን የስህተት መልእክት ከታች ጀምሬ አነበብኩት። ብዙ ተማሪ ከላይ ይጀምርና መሀል ላይ ተስፋ ይቆርጣል። ፓይተን ግን ዋናውን ነገር የሚናገረው መጨረሻው መስመር ላይ ነው። እዚያ ላይ «ኔም ኤረር» ይላል። በአጭሩ «ይህን ስም አላውቀውም» ማለት ነው። ከሱ ከፍ ብሎ የመስመሩ ቁጥር አለ፦ 7።

ልጁን ትንሽ ሳጣድፈው እውነቱ ወጣ። ኮዱን ከጓደኛው በቴሌግራም ተቀብሎ፣ መምህሩ እንዳይነቃበት የቫሪያብሎቹን፣ ማለትም ኮዱ ውስጥ ዋጋ የሚያዝባቸውን፣ ስም ቀያይሯል። ሦስት ቦታ ቀየረና አንዱን ረሳ። «ምንም አልነካሁም» ሲል ከስሞቹ በቀር ማለቱ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። መስመር 7 ላይ ጮኸ ማለት ጥፋቱ የግድ መስመር 7 ላይ ነው ማለት አይደለም። ስሙ መስመር 2 ላይ ሲወለድ ተሳስቶ ተጽፎ፣ 7 ላይ በትክክል ሲጠራም ያው ቀይ ነው የሚመጣው። እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው ከ3.10 ጀምሮ ደግሞ ፓይተን ተቀራራቢ ስም ሲያገኝ «ይህን ማለትህ ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ደግ ነገር ነው፤ የሚያነበው ጠፋ እንጂ።

«ትልቅና ትንሽ ፊደል ያው ነው»

አይደለም። በትልቁ ቲ የተጻፈ ቶታልና በትንሹ የተጻፈው ሁለት ስም ናቸው። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ዓይናችን ቶሎ አይለየውም። ኮድ በስልክ የምትጽፉ ደግሞ ኪቦርዱ የመጀመሪያዋን ፊደል ሳትጠይቁት ትልቅ እንደሚያደርጋት አትርሱ።

«ቫሪያብል በአማርኛ መሰየም አይቻልም»

ይቻላል። ፓይተን 3 እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣ ጀምሮ የግዕዝን ፊደል በስምነት ይቀበላል። ይቺ መስመር ታሪፍና ሰው ቀድመው እስከታወቁ ድረስ እንዳለች ትሠራለች፦

ሒሳብ = ታሪፍ * ሰው

ልጁ አላመነኝም። ጻፍኩለትና ሠራ። በደስታ ኪቦርዱን ከእጄ ወስዶ ሁሉንም ወደ አማርኛ ይለውጠው ጀመር። ሁለት ደቂቃ አልቆየም፣ ቀይ። ላይ «ሒሳብ» ብሎ ታች «ሂሳብ» ብሏል።

ለእኔም ለእሱም አንድ ቃል ነው። ሲጠሩት ልዩነት የለውም። ፓይተን ግን ጆሮ የለውም፤ የሚያየው ፊደሉን ብቻ ነው። ሐመሩ ሐ እና ሃሌታው ሀ ለሱ እንደ መ እና ረ የተራራቁ ናቸው። «ዓመት» እና «አመት» ሁለት ስም ነው። «ሠራተኛ» በንጉሡ ሠ እና «ሰራተኛ» በእሳቱ ሰም እንዲሁ። የፊደል ነገር ላይ ግድ የለሽ የሆነ ሰው እዚህ ይቀጣል። ለነገሩ በፓይተን ምክንያት ንጉሡን ሠ ከእሳቱ ሰ መለየት የጀመረ ተማሪ አይቻለሁ።

ሌላም አለ። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንዳለ ነጠላ ሰረዝ ከመታችሁ የሚመጣው «፣» ነው፤ ፓይተን ይህን ምልክት አያውቀውም። ስም መሀል ላይ ክፍት ቦታም አይፈቅድም፦ ጠቅላላ_ሒሳብ ብላችሁ በግርጌ መስመር አያይዙት። እኔ ለመማር ያህል የአማርኛ ስም እወዳለሁ። ለሚታረም አሳይመንት ግን አስቀድማችሁ መምህሩን ጠይቁ።

«ቁጥር ካስገባሁ ቁጥር ነው»

ስሞቹ ተስተካከሉ። ልጁ ታሪፍ 15፣ ሰው 4 አስገባ። (ባጃጅ ላይ አራት ሰው መጫኑን ትራፊክ አይስማ።) መልሱ መጣ፦

15151515

አሥራ አምስት ሚሊዮን ከምናምን! በዚህ ሒሳብ ከፒያሳ ሸዋ በር ለመድረስ ቤት መሸጥ ሊያስፈልግ ነው። ቀይ ነገር ግን የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢንፑት የሚባለው ትእዛዝ ከኪቦርድ የሚቀበለውን ሁሉ ጽሑፍ አድርጎ ነው የሚሰጣችሁ። 15 ለእናንተ ቁጥር ነው፤ ለሱ የ1 እና የ5 ምልክት ጎን ለጎን። ልጁ የሰውን ብዛት ኢንት በሚባለው ትእዛዝ ወደ ቁጥር ለውጧል፣ ታሪፉን ረስቷል። ጽሑፍ በ4 ሲባዛ ደግሞ አራት ጊዜ ይደገማል። ሁለቱንም ቢረሳ ይሻለው ነበር፤ ጽሑፍ በጽሑፍ አይባዛምና «ታይፕ ኤረር» መጥቶ ያስቆመው ነበር። ታሪፉንም በኢንት አሳለፈው፣ 60 ወጣ።

«የእኩል ምልክት እኩል ማለት ነው»

ይህ ከሒሳብ ክፍለ ጊዜ ይዘነው የመጣነው ነው። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ድምር = ድምር + 15 ብትጽፉ መምህሩ ይስቅባችኋል። ፓይተን ውስጥ ግን ትእዛዝ ነው፦ በቀኝ ያለውን አስላ፣ ውጤቱ ላይ በግራ ያለውን ስም ለጥፍ። መናኸሪያ ሻንጣ ላይ እንደሚለጠፍ ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ ነገ ሌላ ሻንጣ ላይ ሊለጠፍ ይችላል።

ኤክሴል የሚያውቁት ደግሞ በሌላ በኩል ይሳሳታሉ። ሒሳቡ 60 ከወጣ በኋላ ከታች ታሪፍ = 20 ይሉና ሒሳቡም አብሮ 80 እንዲሆን ይጠብቃሉ። ኤክሴል ላይ ይሆናል። እዚህ ግን 60 እንዳለ ነው፣ እንደገና አስላ ካላላችሁት በቀር። ከፍላችሁ ከወረዳችሁ በኋላ ታሪፍ ቢጨምር ባለ ባጃጁ አያሳድዳችሁም።

«ቀይ ካልወጣ ጨርሻለሁ»

ልጁ ፍላሹን ሊነቅል ሲል «የቀኑን ድምር አሳየኝ» አልኩት። ሦስት ምልልስ አስገባ፦ 60፣ 45፣ 30። ፕሮግራሙ «30» አለ። ቀይ የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም፣ ምንም የለም።

የተበላሸ ፎቶ ኮፒ ገልብጬ በጀርባው ሦስት ዓምድ አሰመርኩት፦ ዙር፣ ሒሳብ፣ ድምር። «አንተ ፓይተን ነህ፤ የተጻፈውን ብቻ ሥራ» አልኩት። አንደኛ ዙር 60 ብሎ ጻፈ። ሁለተኛው ላይ 105 ሊጽፍ እስክሪብቶውን አነሳና ስክሪኑን አየ። ፎር ከሥሩ ገባ ብሎ የተጻፈውን በየዙሩ ድገም የሚል ትእዛዝ ነው፤ ከሱ ሥር ገባ ብሎ ድምር = 0 የምትል መስመር አለች። በየዙሩ የተሰበሰበውን ትደፋዋለች።

ዝም አለ። ከዚያ መስመሯን ከፎር በላይ አወጣት። 135።

«ፕሪንት ላድርግልህ?» ስለው «ቆይ ጋሼ» ብሎ ስልኩን አወጣ። ኮዱን ለሰጠው ልጅ ነው የደወለው። «ስማ» አለው፣ «ያንተም 30 ነው የሚለው፣ አይደል?»