«ምን ላንብብ?»፦ በቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ የመጠቆም ሥራ

ቤተ መጻሕፍት የሚገባ ሰው ሁሉ የሚፈልገውን አውቆ አይገባም። አንዳንዱ ርዕሱን ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፎ ይመጣል። ብዙው ግን መደርደሪያው ፊት ይቆማል፣ አንዱን ያወጣል፣ ጀርባውን ያነባል፣ ይመልሳል፣ በመጨረሻ ባለሙያዋን «እስቲ ጥሩ ነገር ካለ ጠቁሚኝ» ይላታል። ይህን ጥያቄ መመለስ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የንባብ ምክር ወይም በቀላሉ የመጽሐፍ ጥቆማ እንበለው። መረጃ ፈልጎ ከመስጠት ይለያል። «የዓድዋ ጦርነት መቼ ነበር?» ላለ ሰው አንድ ትክክለኛ መልስ አለ። «ምን ላንብብ?» ላለ ግን መልሱ እንደ ሰዉ ነው፤ ያው ሰው ራሱ ዛሬ የሚፈልገውና የዛሬ ወር የሚፈልገው ላይገጥም ይችላል።

ሥራው እንደ ሙያ መልክ የያዘው አሜሪካ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ እንደ ቺካጎና ዲትሮይት ባሉ ከተሞች የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አንባቢን የሚያማክሩ ሠራተኞች መደቡ። ያኔ ዓላማው አንባቢውን ማስተማርና ማሻሻል ነበር፤ ተራ ልብ ወለድ የሚወደውን ሰው ቀስ እያሉ ወደ ቁም ነገር መሳብ። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ ግን አስተሳሰቡ ተገለበጠና የአንባቢው ምርጫ ራሱ መነሻ ሆነ። እኔም የምስማማው ከዚህኛው ጋር ነው። በመሐሉ ሕንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1931 አምስት ሕጎች አውጥቶ ነበር። ሁለቱ በቀጥታ ይህን ጉዳይ ይነካሉ፦ ለእያንዳንዱ አንባቢ የሚሆን መጽሐፍ አለ፣ ለእያንዳንዱ መጽሐፍም የሚሆን አንባቢ አለ። እኔን የሚነካኝ ሁለተኛው ነው። አቧራ ለብሶ የተቀመጠ መጽሐፍ ሁሉ የሆነ ሰፈር ውስጥ አንባቢ አለው፤ ያጣው የሚያገናኘው ሰው ነው።

እኛ ጋ ይህን የማገናኘት ሥራ ለረጅም ጊዜ የሠራው ቤተ መጻሕፍቱ አልነበረም። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ስሙ ስንት ጊዜ ቢቀያየርም ሰው ዛሬም ወመዘክር የሚለው፣ በ1936 ዓ.ም. ነው የተቋቋመው። ዋና ኃላፊነቱ መሰብሰብና መጠበቅ ነው፤ በአገሪቱ የሚታተመው ሁሉ በሕግ ቅጂው ገቢ ይደረግለታል። እንዲህ ያለ ተቋም ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው የሚፈልገውን ለይቶ ለሚያውቅ ሰው፣ ለተመራማሪና ለጸሐፊ ነው። ተራው አንባቢ ጥቆማውን የሚያገኘው ሌላ ቦታ ነበር።

አንዱ ቦታ ሬዲዮ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ፤ ግን መጽሐፉን በእጁ ይዞት የማያውቅ ስንት ሰው ነው ታሪኩን በቃሉ የሚያወራው! ይህ የሆነው ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ስለተረከው ነው። የእሱን ድምፅ ሰምቶ መጽሐፉን ፍለጋ የወጣው ብዙ ነው። አንድ ሰው ጮክ ብሎ በደንብ ካነበበው የበለጠ ጥቆማ የለም ብዬ አምናለሁ፤ ቤተ መጻሕፍቶቻችን የንባብ ሰዓት ቢያዘጋጁ ደግሞ ወጪው አንድ ወንበርና አንድ ጥሩ አንባቢ ነው።

ሌላው ቦታ መንገዱ ነው። መጽሐፍ አዟሪዎችና አከራዮች በአዲስ አበባ የንባብ ታሪክ ውስጥ የሚገባቸው ቦታ አልተሰጣቸውም። አከራዩ በትንሽ ሳንቲም ልብ ወለድ ያከራያል፣ ደንበኛው ሲመልስ «እንዴት ነበር?» ይለዋል፣ ከመልሱ ተነስቶ ቀጣዩን ያቀብለዋል። አዟሪው መጽሐፎቹን በክንዱ ላይ ደርድሮ ካፌ ለካፌ ይዞራል። ወደ አንዱ ጠረጴዛ ጠጋ ብሎ የሰዎቹን ፊት ዐይቶ ከላይ የትኛውን እንደሚያደርግ ያውቃል። ለሽማግሌው ታሪክ ያቀርባል፣ ለወጣቱ የሰሞኑን ልብ ወለድ፣ ደብተር ለያዘችው ልጅ ደግሞ ሌላ። ዝም ብሎ ሸቀጥ መሸጥ ሊመስል ይችላል፤ ግን ከአሜሪካ ባለሙያዎች ዘዴ ጋር ብታስተያዩት ዋናው ነገር አንድ ነው፦ መጀመሪያ ሰውየውን እወቅ፣ ከዚያ መጽሐፉን አቅርብ።

ቤተ መጻሕፍቶቻችን አሁን ያለባቸው ፈተና የአዳራሽ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አራት ኪሎ ያለው አብርሆት በ2014 ዓ.ም. ሲከፈት ከተማዋ ትልቅና የሚያምር ቤት አገኘች፤ ወጣቱም ሞላው። በየክፍለ ከተማውና በየወጣት ማዕከሉም ንባብ ቤቶች አሉ። ግን በአብዛኞቹ ጠረጴዛ ላይ የሚታየው ተማሪው ራሱ ይዞት የመጣው ደብተርና ሃንድአውት ነው። ለፈተና የሚያጠና ልጅ ጸጥታና መብራት ይፈልጋል፣ ቤቱም ይህን መስጠቱ ትክክል ነው። የሚያሳዝነው ያ ልጅ በሁለት ክንድ ርቀት ላይ ያለውን መደርደሪያ ሳይነካ አራት ዓመት ተመላልሶ መመረቁ ነው። መግቢያው ላይ አንድ ጠረጴዛ ቢቀመጥ፣ በየሳምንቱ ስምንት ዘጠኝ መጽሐፍ ፊቱን ወደ ሰው አድርጎ ቢቆም፣ ከሥሩ በእጅ የተጻፈ ሁለት መስመር ቢኖር፣ ከጥናት ሲወጣ ዐይኑ ያርፍበታል። ጀርባው ብቻ የሚታይ መጽሐፍና ሽፋኑ የሚታይ መጽሐፍ እኩል አይነሱም፤ መጽሐፍ ሻጭም ቤተ መጻሕፍትም ይህን በሥራ ያውቀዋል።

ጥቆማው እንዴት ይሰጣል የሚለውን በተመለከተ ብዙ ባለሙያዎች የሚጠቅሷት የሲያትሏ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ናንሲ ፐርል ናት። እ.ኤ.አ. በ1998 ሲያትል «ከተማው ሁሉ አንድ መጽሐፍ ያንብብ» የሚለውን ዘመቻ ስትጀምር ከኋላው ከነበሩት አንዷ ነበረች፤ ሐሳቡ ከዚያ ወደ ብዙ ከተሞች ተዛምቷል። እሷ እንደምትለው ሰው ወደ መጽሐፍ የሚገባው ከአራት በሮች በአንዱ ነው፦ በታሪኩ፣ በገጸ ባሕርያቱ፣ በቦታውና በዘመኑ፣ ወይም በቋንቋው። ስለዚህ የሚጠየቀው «ምን ዓይነት መጽሐፍ ትወዳለህ?» አይደለም፤ ይህን ሲሉት ሰው ሁሉ «ታሪካዊ ልብ ወለድ» ብሎ ያልፋል። «በቅርብ ካነበብከው የወደድከውን እስቲ ንገረኝ» ነው የሚባለው። ሲያወራ ያዳምጡታል። «ቀጥሎ ምን ይሆናል እያልኩ ሳልተኛ ነጋ» ካለ በሩ ታሪኩ ነው። «እሷ ሴትዮ እስካሁን ከሐሳቤ አልወጣችም» ካለ ገጸ ባሕርይ ነው።

ወደ እኛ መደርደሪያ እናምጣው። በታሪክ በር ለሚገባ ወጣት የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ጥሩ መነሻ ነው፤ ብዙ ልጆችን ወደ ንባብ ያስገባ መጽሐፍ ነውና በንቀት ማየት አይገባም። በገጸ ባሕርይ በር ለሚገባ ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» የተሻለ ከየት ይመጣል? ሰብለ ወንጌልን፣ በዛብህንና ጉዱ ካሳን ያወቀ ሰው እንደ ዘመድ ነው የሚያስታውሳቸው። ቦታና ዘመን ለሚወድ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» አለ፤ አስመራን ደርግ ኤርትራ ላይ ባካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ሰሞን፣ ከነሆቴሏ፣ ከነሹክሹክታዋ ያሳየዋል። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. እንደወጣ አልተመለሰም። ይህን ለአንባቢው አስቀድሞ መንገር ተገቢ ነው፤ ንባቡን ይለውጠዋል። ቋንቋ ለሚወድ ደግሞ የጸጋዬ ገብረ መድኅን «እሳት ወይ አበባ»፣ የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ»፣ ከቅርቦቹ አዳም ረታ። አዳምን ግን ለጀማሪ በ«የስንብት ቀለማት» አታስጀምሩት። ድንጋይ የሚያህል መጽሐፍ ነው፣ ያስፈራል። ከአጫጭር ልብ ወለዶቹ ይግባና ከወደደው ወደ ትልቁ ራሱ ይሄዳል።

እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። የዘረዘርኳቸው ሁሉ የታወቁ ናቸው፣ የሁሉም ደራሲዎች ወንዶች ናቸው፣ ሁሉም በአማርኛ የተጻፉ የፈጠራ ሥራዎች ናቸው። የጥቆማ ትልቁ በሽታ ይኸው ነው፤ ያው አምስት ስድስት ርዕስ እየዞረ ሌላው መደርደሪያ ጨለማ ውስጥ ይቀራል። መጀመሪያ የሚጠቆመው መጽሐፍ የአንባቢውን እምነት ለማግኘት የታወቀ ቢሆን አይከፋም፣ ከዚያ በኋላ ግን ማስፋት ግድ ነው። ለ«ኦሮማይ» አንባቢ የሕይወት ተፈራን «ማማ በሰማይ» ስጡት፤ የተማሪውን እንቅስቃሴና የኢሕአፓን ዘመን ከውስጥ ሆና ስላየችው የምትነግረው ሌላ ነው። ልብ ወለድ ውሸት ነው ብሎ ለሚሸሽ አባት የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ግለ ታሪክ አለላቸው። በልጅነታቸው ዓድዋ የተገኙ፣ ሩሲያ ሄደው የተማሩ፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ በአገራችን የመጀመሪያ የሚባለውን ዘመናዊ ተውኔት የጻፉ ሰው ናቸው፤ ከዚህ ሕይወት የበለጠ ልብ ወለድ አይገኝም። ታሪክ በቀላል ቋንቋ ለሚፈልግ የጳውሎስ ኞኞ «አጤ ምኒልክ» ይሆናል። በሰፈሩ ኦሮምኛና ትግርኛ የሚያነብ ካለ ደግሞ፣ አዲስ አበባ ላይ መቼም አለ፣ ጠረጴዛው ላይ ያንን ቋንቋ ሲያይ ነው ቤቱ የእሱም መሆኑን የሚያውቀው።

አንድ ሰው ላይ አንድ መጽሐፍ ብቻ አይጫንም። ሦስት ይሰጠዋል፦ አንዱ ከለመደው ጋር የሚቀራረብ፣ አንዱ ትንሽ ወጣ ያለ፣ አንዱ ጭራሽ ያላሰበው። የትኛውን እንደሚያነብ ምርጫው የእሱ ነው። ካልወደደው የመተው ነፃነትም አለው። እኛ ጋ የጀመሩትን መጽሐፍ መተው ነውር ይመስለናል፤ ብዙ ሰው አንድ ያልጣመውን ይዞ ሦስት ወር ይንገላታና በዚያው ንባብ ያቆማል። ናንሲ ፐርል ለዚህ ያወጣችው መመሪያ ደስ ይላል፦ ሃምሳ ገጽ ስጠው፣ ካልያዘህ ተወው፤ ዕድሜህ ከሃምሳ ካለፈ ደግሞ ከመቶ ላይ ዕድሜህን ቀንስ፣ የቀረውን ያህል ገጽ ብቻ ታገሠው። የሰባ ዓመት ሰው ሠላሳ ገጽ ይበቃዋል ማለት ነው።

ጠቋሚው መጽሐፉን ሁሉ አንብቦ ሊጨርስ አይችልም፤ ስለዚህ ሰው ያስፈልገዋል። በዚህ በኩል በወመዘክር አዳራሽ ሚዩዚክ ሜይዴይ የተባለው ድርጅት ሲያዘጋጃቸው የኖሩት የእሑድ የመጽሐፍ ውይይቶች ትልቅ ነገር ሠርተዋል። አንድ መጽሐፍ ይመረጣል፣ አንድ ሰው መነሻ ሐሳብ ያቀርባል፣ ከዚያ አዳራሹ ይከራከራል። እንዲህ ያለ ቦታ የተቀመጠ ባለሙያ በአንድ ከሰዓት የሚሰማው የአንባቢ አስተያየት በካታሎግ ዓመት ቢፈልግ አያገኘውም።

ካታሎግ ካነሳን፣ የአማርኛ መጽሐፍ በኮምፒውተር ሲፈለግ የሚያጋጥም ነገር አለ። «ሐዲስ»ን አንዱ በ«ሀ» ይጽፈዋል፣ «ዓለማየሁ»ን ሌላው በ«አ»። ኮምፒውተሩ ሞክሼ ፊደላቱን እንደ አንድ እንዲቆጥር ካልተደረገ መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ እያለ «የለም» ይላል። አንባቢውም አምኖ ይሄዳል። ውጭ አገር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት የአማርኛውን ርዕስ በላቲን ፊደል፣ በራሳቸው የአጻጻፍ ደንብ ነው የሚመዘግቡት፤ ተራ አንባቢ እንዴት ብሎ ይገምተው? ፈልጋችሁ ካጣችሁት ሠራተኛውን ጠይቁ፣ አትፍሩ።

የልጆቹ ነገር ለብቻው ቢጻፍ ደስ ይለኛል፤ አሁን አንድ ሰው ላንሳ። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በስደት አሜሪካ ገብተው ሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ውስጥ ሠርተዋል። እዚያ ሆነው ለሐበሻ ልጆች በቋንቋቸው የሚጠቁሙት መጽሐፍ አጡ። ስለዚህ ራሳቸው በአማርኛና በእንግሊዝኛ የልጆች ተረት አሳተሙ፣ ከዚያም ከጸሐፊዋ ጄን ከርትዝ ጋር ኢትዮጵያ ሪድስ የተባለውን ድርጅት መሥርተው እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ፣ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ሐዋሳ ላይ ደግሞ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አስጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲኤንኤን ከዓመቱ ጀግኖች አንዱ አድርጎ መረጣቸው። የሚጠቆም መጽሐፍ ከሌለ ጠቋሚው አሳታሚም ይሆናል ማለት ነው።

ዛሬ ሲያትልና ዋሺንግተን ዲሲ ያሉ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የአማርኛ መጻሕፍት አሏቸው። ስብስቡ የሚያድገው ግን ሰው ሲዋሰው ነው፤ ያልተነካ መደርደሪያ በጀት አያገኝም። እነዚህ ቤቶች አንባቢ «ይህን መጽሐፍ ግዙልን» ብሎ የሚያመለክትበት አሠራርም አላቸው። የምትኖሩት እዚያ ከሆነ ካርዱን አውጡ፣ የምትወዱትን ርዕስና የደራሲውን ስም ጽፋችሁ አመልክቱ፣ ሲመጣም ተዋሱት፣ ከዚያ ለጎረቤት ንገሩ።