ቶንሲል ምንድን ነው? «አላት» እና «አለባት»

ትናንት ደግሞ አጋጠመኝ። አንዲት እናት «ልጄን በየጊዜው ጉሮሮዋን ያማታል፣ ምን ላድርግ?» ብላ ጠየቀች። አንድ ሰው ከሥር መለሰላት፦ «ቶንሲል አለባት። ቀዝቃዛ ነገር ከልክያት፣ አሞክሳሲሊን ስጫት፣ እምቢ ካለ ማስወጣት ነው።» ብዙ ሰው «ትክክል» አለው። እኔ ከአንገት በላይ ሐኪም ነኝ። ይህን አባባል በየቀኑ እሰማዋለሁ፤ ትናንት ግን ሳልመልስ መተኛት አቃተኝ።

ወንድሜ፣ ልጅቷ ቶንሲል «አላት» እንጂ ቶንሲል «የለባትም»። አንተም አለህ። ካላስወጣነው በቀር ሁላችንም አለን። ስንወለድ ይዘነው የመጣነው የሰውነት ክፍል ነው። አፍ ተከፍቶ ሲታይ ከእንጥል ግራና ቀኝ የተቀመጡት ሁለቱ እብጥ ያሉ ሥጋዎች ናቸው።

አውቃለሁ፣ በአማርኛችን የአካል ስም የበሽታ ስምም ይሆናል። «ጨጓራ አለብኝ»፣ «ኩላሊት አለበት» እንላለን፣ እንግባባለን። ጨጓራ የሌለው ሰው እንደሌለ ሁሉም ስለሚያውቅ ችግር የለውም። ቶንሲል ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሰው የምር ጤነኛ ጉሮሮ ቶንሲል የሌለው ይመስለዋል። የልጁን አፍ በስልክ መብራት ያይና ሁለት እብጠት ሲያገኝ ይደነግጣል። ምንም የማያማትን፣ እየበላች እየተጫወተች ያለችን የ5 ዓመት ልጅ «ቶንሲል በቅሎባታል» ብለው ይዘውልኝ ይመጣሉ። በዚያ ዕድሜ እኮ ቶንሲል ትልቅ ነው! ከ3 እስከ 7 ዓመት ገደማ ጎላ ብሎ ይታያል፣ ከጉርምስና በኋላ እየሟሸሸ ይሄዳል። ትልቅ መሆኑ ብቻውን በሽታ አይደለም።

ሥራውን በዘበኛ ልመስለው። ጉሮሮ የግቢው በር ነው፤ አየሩም ምግቡም በዚያ ያልፋል። ቶንሲል በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ነው። የሚገባውን ይፈትሻል፣ የሌባውን መልክ ይይዛል፣ ውስጥ ላሉት ጥበቃዎች ይናገራል። ሕፃን ልጅ ገና ብዙ ሌባ ስለማያውቅ ዘበኛው ሥራ ይበዛበታል። እያደር የውስጦቹ ሲሠለጥኑ የበሩ ዘበኛ ሥራ ይቀልለታል። በሩ ላይ ድብድብ ሲነሳ ደግሞ ዘበኛው ይቀላል፣ ያብጣል፣ መግል ይይዛል። «ቶንሲል ያዘኝ» የምንለው ይህንን ነው፤ ትክክለኛ ስሙ የቶንሲል መቆጣት ነው። እንግዲህ ግቢው በር ላይ ጩኸት የሰማ ሰው «ዘበኛ ያዘን!» ቢል ምን ትሉታላችሁ? መጠየቅ ያለበት «ማነው የመጣው?» ብሎ ነው።

የኔ ነገር ሁሉ እዚህች ጥያቄ ላይ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ቫይረስ ነው። ጉሮሯቸውን አሟቸው ከሚመጡ ልጆች ከ20 እስከ 30 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ላይ ግን ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ይገኛል። በአዋቂዎች ከ5 እስከ 15 በመቶ ነው። ቫይረሱን አንቲባዮቲክ አይነካውም፤ ባክቴሪያውን ደግሞ ዝንጅብልና ማር አያስወጣውም። ሁለቱን በአንድ ስም «ቶንሲል» ብለን ስንጠራቸው መድኃኒት የማያስፈልገው ይወስዳል፣ የሚያስፈልገው ደግሞ «ያው የለመደበት ቶንሲል ነው፣ ያልፋል» ተብሎ ቤት ይቀመጣል።

እንዴት እንለያቸዋለን? ልጁ የሚያስል ከሆነ፣ ንፍጡ ከፈሰሰ፣ ድምፁ ከጎረነነ፣ ዓይኑ ከቀላ ወደ ቫይረሱ እናዘነብላለን። ትኩሳቱ ከ38 ዲግሪ ካለፈ፣ ሳል ከሌለው፣ ቶንሲሉ ላይ ነጭ ነገር ካለ፣ ከመንጋጋው ማዕዘን ሥር አንገቱን በጣታችን ጫን ስናደርገው እንክብል እንክብል የሚል ነገር አግኝተን ልጁ «አይ!» ብሎ ከሸሸ ባክቴሪያውን እንጠረጥራለን። በተለይ ዕድሜው ከ5 እስከ 15 ከሆነ። ግን አራቱም ምልክቶች ተሟልተው እንኳ ባክቴሪያው የሚገኘው ግማሽ ያህሉ ላይ ነው። ስለዚህ ምርመራው ባለበት ቦታ ከጉሮሮ ናሙና ይወሰዳል። ነጩ ነገር ብቻውን ማስረጃ አይደለም። ቫይረስም ያመጣዋል። ምንም ሳያምም ቶንሲሉ ቀዳዳ ውስጥ የምትገኘው ጠጠር መሳይ፣ መጥፎ ጠረን ያላት ነጭ ፍርፋሪ ደግሞ የምግብ ቅሪትና የሞተ ሴል ስብስብ ናት እንጂ መግል አይደለችም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። በወጣቶች ላይ ኤፕስታይን ባር የሚባል ቫይረስ ቶንሲልን ነጭ አልብሶ ያሳብጣል። ያ ወጣት የፔኒሲሊን ዘር የሆነው አሞክሳሲሊን ሲሰጠው ሰውነቱ በሽፍታ ሊሞላ ይችላል። ከዚያ «ፔኒሲሊን አይስማማውም» ተብሎ ካርዱ ላይ ይጻፍና ዕድሜ ልኩን ጥሩ መድኃኒት ይከለከላል።

ባክቴሪያው ለምን ያስፈራኛል? ጉሮሮውማ ብዙ ጊዜ በሳምንት ውስጥ በራሱ ይሻለዋል። የሚያስፈራው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ወደ ዘበኛው ልመለስ። ይህ ሌባ የለበሰው ካፖርት ከቤተሰቡ ልጅ ካፖርት ጋር ይመሳሰላል። ዘበኛው «ካፖርት የለበሰውን ያዙ» ብሎ ያስተላልፋል። ሌባው ከሄደ ከ2 እና 3 ሳምንት በኋላ የውስጥ ጥበቃዎች የራሳቸውን የቤት ልጅ ይደበድባሉ። የሚደበደበው መገጣጠሚያው ነው፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ የልብ በር፣ ቫልቩ። ይህ ሩማቲክ ፊቨር ነው። አንድ ጉልበቷ አብጦ የመጣች ልጅ አስታውሳለሁ። ጉልበቱ ተሽሏት ሌላኛው አበጠ፣ ቀጥሎ ቁርጭምጭሚቷ። እናቷን ስጠይቃት «ከወር በፊት ቶንሲል ይዟት ነበር፣ እሱማ በሦስት ቀን ለቀቃት» አለችኝ። ልቧን ሳዳምጥ ከድው ድው መሃል ሽው የሚል ድምፅ ነበረው።

አገራችን ውስጥ ለልብ ቀዶ ሕክምና ወረፋ ከሚጠብቁት ልጆችና ወጣቶች ብዙዎቹ በዚህ መንገድ የመጡ ናቸው። የዓለም ጤና ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2018 በዚሁ በሽታ ላይ ራሱን የቻለ ውሳኔ አሳልፏል። መከላከያው ግን ውድ አይደለም። ባክቴሪያው ከተጠረጠረ ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ማከም ነው፤ ወይ አንድ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ፣ ወይ ሙሉ 10 ቀን የሚዋጥ መድኃኒት። አሥር ቀን ማለት አሥር ቀን ነው። በሦስተኛው ቀን መዋጥ ሲችል የተረፈውን ክኒን ለታናሽየው ማስቀመጥ አይደለም። መርፌውም ጤና ተቋም ውስጥ ይሁን፤ አልፎ አልፎ ከባድ አለርጂ ያስነሳል።

ቀዝቃዛ ውሃውስ? ቀዝቃዛ ውሃ ባክቴሪያ አይፈጥርም። ልጁ የሚታመመው ትምህርት ቤት አጠገቡ የተቀመጠው ልጅ አስሎበት ነው። ቶንሲል ካወጣን በኋላ እኛው ራሳችን አይስክሬም ስጡት እንላለን፣ ሕመሙን ስለሚያስታግስ።

ማስወጣትን በተመለከተ፣ ዘበኛ በተደበደበ ቁጥር አይባረርም። የምንጠቀምበት መለኪያ አለ፦ በአንድ ዓመት 7 ጊዜ፣ ወይም ሁለት ዓመት በተከታታይ በየዓመቱ 5 ጊዜ፣ ወይም ሦስት ዓመት በየዓመቱ 3 ጊዜ በደንብ የተመዘገበ ሕመም። ሌላው ምክንያት ዘበኛው በጣም ወፍሮ በሩን ራሱ ሲዘጋው ነው። ልጁ ሌሊት ያንኮራፋል፣ ትንፋሹ ቆም ይላል፣ ደንገጥ ብሎ ይቀጥላል። ይህኛው ያለ አንድ ቀን የጉሮሮ ሕመም ሊመጣ ይችላል፣ ወላጆችም «እንቅልፉ ከባድ ነው» ብለው ያልፉታል።

እንጥል ማስቆረጥና ቶንሲል ማስቧጠጥ ግን በየትኛውም መለኪያ ውስጥ የሉም። እንጥል ያበጠው ጎረቤቱ ስለተቆጣ ነው። ባልተቀቀለ ምላጭ ስትቆርጡት ልጁ ሊደማ፣ ቴታነስ ሊይዘው ይችላል፣ ባክቴሪያው ደግሞ እዚያው አለ።

ቤት ውስጥ በማንኪያ እጀታ ምላስ ተጭናችሁ ማየት ለምትወዱ፦ የምላሱን ፊት ተጫኑ፣ ወደ ኋላ ከሄዳችሁ ያስመልሰዋል። ልጁ ግን ለሃጩን መዋጥ አቅቶት የሚያዝረበርብ ከሆነ፣ ሲተነፍስ የሚያፏጭ ድምፅ ካለው፣ ወደ ፊት ተደፍቶ ካልሆነ መቀመጥ ካልቻለ አፉን አትንኩ፣ ማንኪያውን ጥላችሁ ሆስፒታል ሩጡ። አፉን መክፈት ካቃተውና ድምፁ የታፈነ ከሆነም እንደዚያው፤ ከቶንሲሉ ጀርባ መግል ቋጥሮ ሊሆን ይችላል። አዋቂ ሰው ደግሞ አንድ ጎኑ ብቻ ካበጠና በሳምንታት ካልጎደለ «የለመደብኝ ነው» አይበል፣ ካንሰር አለመሆኑን ማየት አለብን።

ለጠየቅሽው እናት፦ ደብተር ያዢ። ያመማትን ቀን፣ ትኩሳቷ ስንት እንደነበር፣ ታስል እንደነበር ጻፊ። ሌሊት ስታንኮራፋ በስልክሽ ቅጂልኝ። ጉልበቷን ወይም ቁርጭምጭሚቷን አሟት የሚያውቅ ከሆነ ከሁሉ በፊት እሱን ንገሪኝ።