የረጅም በረራ ርቀትና ሰዓት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ካርታ ላይ ቀጥ ያለው መስመር አጭሩ መንገድ ነው»

ክቧ ምድር ወረቀት ላይ ስትዘረጋ ወደ ዋልታዎቹ ያለው ክፍል ይለጠጣል። አንድ ዲግሪ ኬንትሮስ በምድር ወገብ ላይ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ 60 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ግን ግማሹ ብቻ ይቀራል። ከለንደን ሎስ አንጀለስ ያለው አጭር መንገድ፣ 8,750 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በደቡብ ግሪንላንድ በኩል የሚያልፈው ለዚህ ነው። ሉል ላይ ክር ወጥሮ መለካት ጥርጣሬውን ያጠፋል።

«መሄጃውና መመለሻው እኩል ሰዓት ይፈጃሉ»

ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ፤ ጄት ስትሪም ይባላል። ከኒው ዮርክ ለንደን 7 ሰዓት ያህል የሚፈጀው በረራ ሲመለስ 8 ሰዓት የሚወስደው በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 አንድ ቦይንግ 747 ይህንኑ ነፋስ ከኋላው ይዞ ከኒው ዮርክ ለንደን የገባው በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ነበር። ከመሬት ሲለካ ፍጥነቱ በሰዓት ከ1,300 ኪሎ ሜትር ስላለፈ «የድምፅን ፍጥነት ጣሰ» ያሉ አልጠፉም። አልጣሰም፤ ያ የሚለካው በዙሪያው ካለው አየር አንጻር ነው፣ አየሩ ደግሞ ራሱ እየሮጠ ነበር።

ነፋሱ በመሄጃው የወሰደውን በመመለሻው ይክሳል ማለትም ስህተት ነው። 5,400 ኪሎ ሜትር በሰዓት 900 ሲበረር ደርሶ መልሱ 12 ሰዓት ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ነፋስ ሲጨመር አንዱ ጉዞ 5፡24፣ ሌላው 6፡45 ይሆናል፤ ድምሩ 12 ሰዓት ከ9 ደቂቃ። ነፋሱ በሚቃወምበት አቅጣጫ አውሮፕላኑ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚቆይ ኪሳራው ያመዝናል።

«ምድር ስለምትዞር ወደ ምዕራብ መብረር ይፈጥናል»

አየሩም አብሯት ይዞራል። በቃ።

«ርቀቱን ለ900 ማካፈል ይበቃል»

900 አውሮፕላኑ በሰዓት የሚበረው ኪሎ ሜትር ነው። ለመነሻ ግምት ያገለግላል፤ ለመንደርደር፣ ከፍታ ለመያዝና ለማረፍ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይጨመርበት። ትኬት ላይ ያለው ሰዓት የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ተነሥቶ ማረፊያው ላይ እስኪቆም ነው። ኪሎ ሜትሩ ራሱም ያታልላል። ማስያዎች ለሄልሲንኪና ለቶኪዮ የሚሰጡት አሁንም 7,800 ገደማ ነው፤ ነገር ግን በ2022 የሩሲያ ሰማይ ለፊንላንድ አውሮፕላኖች ሲዘጋ፣ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅ የነበረው በረራ ወደ 13 ሰዓት ተጠጋ።

«ከመድረሻው ሰዓት መነሻውን መቀነስ የበረራውን ርዝመት ይሰጣል»

ሁለቱም የተጻፉት በየከተማቸው ሰዓት ነው። በጥር ወር ኦክላንድ ከሎስ አንጀለስ በ21 ሰዓት ትቀድማለች፤ ከኦክላንድ ማታ 20፡00 ተነሥቶ 12 ሰዓት የበረረ መንገደኛ ሎስ አንጀለስ በዚያው ቀን ጠዋት 11፡00 ላይ ይደርሳል፣ ከተነሣበት ሰዓት በፊት ማለት ነው። ስለዚህ መነሻውንም መድረሻውንም ወደ ዩ.ቲ.ሲ. (የዓለም የጋራ መለኪያ ሰዓት) ቀይሮ ከዚያ መቀነስ ነው። ከመድረሻው ሰዓት አጠገብ «+1» ካለ የሚደረሰው በማግስቱ ነው፤ ሆቴል ሲያዝ ብዙ ጊዜ ቀን የሚሳሳተው ይህችን ምልክት ባለማየት ነው።