በተማሪ እጅ የሚለካ ዝናብ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ሙያቸው ምርምር ያልሆነ ሰዎች ለእውነተኛ ጥናት መረጃ የሚሰበስቡበት አሠራር የዜጎች ሳይንስ ይባላል። ለወሎ ትምህርት ቤቶች ዝናብ መለካት ጥሩ መነሻ ነው፤ ሆኖም ሐሳቡ ሲነሳ አንዳንድ የተሳሳቱ አመለካከቶች ይደቀናሉ።

«ልጅ የለካው ቁጥር አይታመንም።» የልኬት ተአማኒነት የሚመጣው ከለኪው ዕድሜ ሳይሆን በየዕለቱ ሳይዛነፍ ከሚጠበቅ ሥርዓት ነው። የዳንግላ ወረዳ ነዋሪዎች ከእ.ኤ.አ. 2014 ጀምሮ የዝናብን፣ የወንዝንና የጉድጓድ ውኃን መጠን የመዘገቡ ሲሆን፣ በ2016 የታተመ ጥናት መረጃቸው ከመደበኛ መለኪያ ጣቢያዎች የማያንስ መሆኑን አሳይቷል። «እነሱ አዋቂዎች ናቸው» ለሚል ደግሞ፣ በእንግሊዝ የብላካውተን ትምህርት ቤት ከ8 እስከ 10 ዓመት የሆናቸው 25 ተማሪዎች ባምብልቢ የሚባሉት ንቦች አበባን በቀለምና በአቀማመጥ እንዴት እንደሚለዩ ፈትነው፣ ውጤቱን በእ.ኤ.አ. 2010 «ባዮሎጂ ሌተርስ» በተሰኘው የሳይንስ መጽሔት አሳትመዋል።

«ውድ መሣሪያ ያስፈልጋል።» ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ ከዛፍና ከጣሪያ ርቆ ተተክሎ፣ ዘወትር ከጠዋቱ 3 ሰዓት በማስመሪያ ቢለካ ለጅማሬ ይበቃል። የማስመሪያው ዜሮ ከጫፉ ጥቂት ገባ ብሎ የሚጀምር ከሆነ ግን ልዩነቱ ካልተደመረ ልኬቱ ሁሉ ይጎድላል። 1 ሚሊ ሜትር ማለት በ1 ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሊትር ውኃ ነው።

«በከተማው የዝናብ መለኪያ ጣቢያ ስላለ የእኛ ትርፍ ነው።» ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው በአጭር መንገድ አየሩ ሲለወጥ ያያል፤ በእንዲህ ያለ ተራራማ አገር አንድ ጣቢያ ለሁሉም ቀበሌ አይናገርም።

«ካልዘነበ የሚጻፍ ነገር የለም።» ከሁሉ የከፋው ስሕተት ይኸኛው ይመስለኛል። በልግን ጠብቆ ለሚያርሰው የወሎ ደገኛ ዝናቡ የቀረባቸው ቀናት ብዛት ከዘነበው መጠን ባልተናነሰ ትልቅ ጉዳይ ነው። ባልዘነበበት ቀን 0 ካልተጻፈ ዝናቡ ይቅር ተማሪው ይቅር መለየት አይቻልም። ተማሪው ከቀረ ደግሞ ቦታው ባዶ ይተው እንጂ በግምት ወይም ከጓደኛ ደብተር ተገልብጦ አይሞላ። ባዶ መስመር ባየ ቁጥር ቀይ እስክሪብቶ ለሚያነሣ መምህር ይህን መቀበል ሊከብደው ይችላል።

«ሥራው በትምህርት ወራት ብቻ ይበቃል።» የዓመቱ ከባድ ዝናብ የሚጥለው ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በሐምሌና በነሐሴ ነው። ስለዚህ በሰኔ፣ ተማሪዎቹ ሳይበተኑ፣ በአቅራቢያው የሚኖሩት ልጆች ተራ ይመደብላቸው፤ መዝገቡም ከግቢው ዘበኛ ዘንድ ይቀመጥ።