ሞደሬሽን ምንድን ነው? ግሩፕ የከፈተ ሰው ያለበት ሥራ

ሞደሬሽን ማለት ሰዎች በሚጽፉበት የኢንተርኔት ቦታ ደንብ ማውጣት፣ የሚወጣውን መከታተል፣ ደንቡን የጣሰውን ጽሑፍ ማንሳት፣ ጸሐፊውንም ማስጠንቀቅ ወይም ማስወጣት ነው። በትልልቆቹ ኩባንያዎች ይህን የሚሠሩት ደመወዝተኛ ሠራተኞችና አውቶማቲክ ማጣሪያዎች ናቸው። በቴሌግራም ግሩፕና በፌስቡክ ገጽ ግን ሥራው መጀመሪያ የሚወድቀው አድሚን በምንለው ሰው ላይ ነው። ብዙ አድሚን ሥራው አባል ማብዛትና ማስታወቂያ መለጠፍ ይመስለዋል። እሱ ያልሠራውን ሥራ ዕዳ የሚከፍሉት ሌሎች ናቸው፤ እዚህ ጎንደር ደግሞ ከሁሉም በላይ ሴቶች።

ጥምቀትን እንውሰድ። ጥር 11 ቀን በፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ዙሪያ ስልኩን ያላነሳ ሰው አይገኝም። አንዲት ልጅ በሐበሻ ቀሚስ እየዘመረች ሳለ የማታውቀው ሰው ፎቶ አነሳት እንበል፤ ማታ ብዙ ሺህ አባል ያለው ግሩፕ ላይ ወጣ። መጀመሪያ "ስታምር" ይባላል። ቀጥሎ ስለ ቀሚሷ፣ ከዚያ ስለ ሰውነቷ ይወራል። አንዱ ፎቶው ላይ ጸያፍ ነገር ይጽፍበታል፤ ሌላው ስቆ ያስተላልፈዋል። "ይቺን አውቃታለሁ" የሚል ይመጣል። "የእከሌ ልጅ አይደለችም እንዴ?" ይላል ሦስተኛው። ሲነጋ መሥሪያ ቤቷም ስልክ ቁጥሯም ተጽፎ ይገኛል።

አዲስ አበባ ቢሆን የሰው ብዛት ይሸሽጋት ይሆናል። ጎንደር ግን ከአዘዞ እስከ ማራኪ "የማን ልጅ ናት?" ተብሎ ቢጠየቅ ብዙ ሰው ሳይጠየቅ መልሱ ይገኛል። ስክሪንሾቱ አባቷ ስልክ ላይ፣ ወንድሟ ስልክ ላይ፣ የእናቷ ማኅበርተኞች ዘንድ ይደርሳል። የጻፈው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም፤ "ምን ብታደርጊ ነው?" የምትባለው እሷ ናት። ይህ ጥያቄ ከስድቡ የበለጠ የሚያቆስል ይመስለኛል፤ የሚመጣው ከሚወዷት ሰዎች ነውና። ከዚያ ልብስ የምትሸጥበትን ገጽ ትዘጋለች፤ ተማሪ ከሆነች የክፍሏን ግሩፕ ትታ ትወጣለች፤ ጋዜጠኛ ከሆነች መጻፍ ታቆማለች።

ይህን ሆን ብሎ የሚለኩሰውን ሰው ትሮል ይሉታል። የሚፈልገው እሷ ስትናደድ፣ ሌላው ሲስቅ ማየት ነው። መንገድ ላይ ለከፋ የምንለው ነገር ስልክ ውስጥ ገብቷል፤ ልዩነቱ ለካፊው ስሙን መደበቁ፣ ተመልካቹ ሺዎች መሆናቸው፣ የተባለውም ተጽፎ መቅረቱ ነው። ሁልጊዜ የሚሰጣት ምክር "አትመልሺለት፣ ብሎክ አድርጊው" የሚል ነው። ብሎክ ብታደርገው እሷ አታየውም፤ ቁጥሯን ግን የቀሩት ሺዎች ያያሉ። "ሪፖርት ታድርግ" ማለትም ሁልጊዜ አይሠራም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ፣ ስሟ ሌላ ከተማ ባሉ ሰዎች ገጽ ላይ ቢነሳ ጎንደር ያለችው ሴት ማየቱም አይሆንላትም ነበር። ስለዚህ ኃላፊነቱ በተበዳይዋ ትከሻ ላይ ሊቀር አይችልም።

ሰርግ ቤት ሰክሮ የሙሽራዋን እህት የሚሳደብ እንግዳ ቢኖር፣ ደጋሹ "አፉ የራሱ ነው፣ እኔን ምን አገባኝ" ብሎ አይቀመጥም። ዳሱን የጣለው እሱ ነውና ያስወጣዋል። የግሩፕ ባለቤት ከዚህ ያነሰ ሊጠበቅበት አይገባም።

"ይህ ሐሳብን ማፈን ነው" የሚሉ አሉ፤ ስጋታቸውን አልንቀውም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ይሰጣል፤ እዚያው አንቀጽ 24 ላይ ክብርና መልካም ስም ይጠበቃል። የቀበሌ ኃላፊ የሆነችን ሴት "መታወቂያ ለማደስ ወር አመላለሰችኝ" ብሎ መውቀስ መብት ነው፤ አድሚኑ ሊነካው አይገባም። "ወንበሩን በምን እንዳገኘችው እናውቃለን" ማለት ግን ሥራዋን መተቸት አይደለም። የሚያሳዝነው፣ እሱን የሚነካ ትችት በደቂቃ የሚያጠፋ አድሚን ሴት ላይ የተጻፈውን "ነፃነት ነው" ብሎ ሲተወው ነው።

ኩባንያዎቹስ? ማሽኖቻቸው በይበልጥ የሠለጠኑት በእንግሊዝኛ ነው። አማርኛ ላይ አንድ ስድብ በሀ፣ በሐ ወይም በኀ ሊጻፍ ይችላል፤ "የ"፣ "ለ"፣ "እንደ" ከፊቱ ይገቡበታል፤ በላቲን ፊደልም ይጻፋል፤ ነጥብ በመሀሉ ተጨምሮ ያመልጣል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ስድብ የሌለበት ዛቻ ነው። "ማራኪ አይደል የምትኖረው? ማታ ማታ ከሥራ ስትወጣ እናያታለን።" እዚህ ውስጥ አንድም ጸያፍ ቃል የለም። ዛቻ መሆኑን የሚያውቀው አገሩን የሚያውቅ ሰው ነው። ፌስቡክ የአማርኛ ጽሑፎችን ያስመረምር የነበረው ናይሮቢ ላይ በኮንትራት ድርጅት በኩል ነበር።

የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ጉዳይ ይህ ክፍተት እስከ ምን እንደሚያደርስ ያሳያል። ልጃቸው በ2015 ዓ.ም. ኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ባቀረበው ክስ መሠረት፣ ፎቷቸውና ማንነታቸው ከሐሰት ውንጀላ ጋር ፌስቡክ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ልጁም ሪፖርት አድርጎ ነበር። ፕሮፌሰሩ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ፍርድ ቤቱ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ክሱን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል። ሟቹ ወንድ ናቸው፤ መነሻው ግን የዘር ጥላቻም ሆነ የሴት ጥላቻ፣ መንገዱ አንድ ነው፤ ፎቶ፣ ስም፣ መገኛ።

የአገራችን ሕግም ዝም አላለም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 13 ማስፈራራትን፣ ስለ አንድ ሰው በተደጋጋሚ መረጃ በመላክ ማስጨነቅንና ስም ማጥፋትን ያስቀጣል። አንቀጽ 16 ደግሞ አገልግሎት ሰጪን ይመለከታል፤ ይዘቱ ሕገ ወጥ መሆኑን አውቆ ካላነሳው ይጠየቃል። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በጥላቻ ንግግር ትርጉሙ ውስጥ ጾታን ጨምሯል፤ የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያም ጥቆማ በደረሰው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሳ ይላል። ሕጉ የተጻፈው ለኩባንያ ቢሆንም፣ አውቆ መተው ተጠያቂነት ያመጣል የሚለው ሐሳብ ለግሩፕ አድሚንም ሊገባው የሚችል ነው።

ሥራውን መሥራት የፈለገ አድሚን ብዙ አቅም አለው። ቴሌግራም ላይ አዲስ አባል በፈቃድ ብቻ እንዲገባ ማድረግ ይቻላል፤ ጠብ ሲጋጋል ስሎው ሞድ ተከፍቶ አንድ ሰው በሰዓት አንዴ ብቻ እንዲጽፍ ይደረጋል። አድሚኖቹ መካከል ሴቶች ይኑሩ፤ ያቺን የማራኪዋን ዓረፍተ ነገር ቀድመው የሚያነቧት እነሱ ናቸው። ከማጥፋት በፊት ስክሪንሾት፣ የአካውንቱ ሊንክና ቀኑ ይያዝ፤ ፖሊስ ጋ ስትሄድ የምትጠየቀው ማስረጃ ነው። ማስረጃ ሳይያዝ የጠፋ መልእክት ካለም ለ48 ሰዓት ያህል በአድሚኖች የድርጊት መዝገብ ውስጥ ስለሚታይ ቶሎ መግባት ነው።

የእርቃን ፎቶ ይለቀቅብኛል ብላ የምትፈራ ሴት፣ 18 ዓመት የሞላት ከሆነች፣ ስቶፕ ኤንሲአይአይ የተባለ ነፃ አገልግሎት አለ። ስልኳ ላይ ከፎቶው የቁጥር አሻራ ያወጣል፤ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክን ጨምሮ አብረውት የሚሠሩት ኩባንያዎች ያንን አሻራ ይዘው ፎቶው ሲለጠፍ ለማገድ ይጠቀሙበታል። ፎቶው ራሱ ከስልኳ አይወጣም።