ሁለት ቴነር በአንድ መድረክ፦ ዴቪስና ግሪፊን በሚንተንስ

ጊዜው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 6 ቀን 1961 ነው። በእኛ አቆጣጠር የ1953 ዓ.ም. የገና ዋዜማ ማለት ነው። ኒውዮርክ፣ ሀርለም ውስጥ፣ 118ኛው ጎዳና ላይ በነበረው ሚንተንስ ፕሌይሃውስ በተባለ የጃዝ ክበብ ሁለት ሳክስፎኒስቶች ጎን ለጎን ቆሙ፤ ኤዲ ዴቪስና ጆኒ ግሪፊን። ሁለቱም የሚነፉት ቴነር ነው፤ ወፈር ያለ ድምፅ ያለውን የሳክስፎን ዓይነት። ፕሬስቲጅ የተባለው የሙዚቃ አሳታሚ ታዳሚው ፊት ቀዳቸው። ከዚያች አንድ ሌሊት አራት አልበም ወጣ። የመጀመሪያው «ዘ ቴነር ሲን» ይባላል።

ሁለት ቴነር ማፋለም በጃዝ የቆየ ልማድ ነው። በ1947 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሎስ አንጀለስ ላይ ዴክስተር ጎርደንና ዋርዴል ግሬይ «ዘ ቼዝ»ን ሲቀዱ የሸክላው አንድ ገጽ አልበቃቸውም፤ ከፊትና ከጀርባ ተከፍሎ ወጣ። አካሄዱ ቀላል ነው። አንዱ ሶሎውን፣ ማለትም የብቻውን ጨዋታ፣ ይነፋል፣ ሌላው ይከተላል። ከዚያ ዙሩ ያጥርና በአራት አራት ባር (የምት ክፍል) ይቀባበላሉ። አንዱ የተናገረውን ሌላው ሳይቀዘቅዝ ያነሳዋል። የእኛው ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በቴነር ሳክስፎን ሲነፋ የሰማ ሰው ይህ የፉከራ ስሜት እንግዳ አይሆንበትም።

ቦታውም ለፍልሚያ የተሠራ ይመስላል። ሚንተንስን በ1938 የከፈተው ሄንሪ ሚንተን ራሱ ሳክስፎኒስት ነበር። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ቴሎኒየስ መንክ በፒያኖ፣ ኬኒ ክላርክ በድራም የቤቱ ባንድ አባላት ሆነው ቢቦፕ ለተባለው ፈጣንና ውስብስብ የጃዝ ስልት መወለድ ትልቅ ድርሻ አበርክተዋል። ሌሊት ላይ መሣሪያውን ይዞ የመጣ ሙዚቀኛ መድረክ ይወጣል፤ ካልቻለ ይወርዳል። ዴቪስ ደግሞ የቤቱን ባንድ የመራ ሰው ነው። ያን ምሽት የመጣው ወደ ገዛ ቤቱ ነበር።

የአልበሙ ጉልበት ያለው ግን በሁለቱ አለመመሳሰል ላይ ነው። ዴቪስ በቅጽል ስሙ «ሎክጆ» ነው፤ መንጋጋ ቆልፍ እንደ ማለት። ድምፁ ወፍራምና ሻካራ ነው። ከታች አጉረምርሞ ይነሳል፣ ኖታውን ያጣምመዋል፣ ከዚያ ድንገት ቁርጥ ያደርገዋል። በቁመቱ አጭር የሆነው የቺካጎው ግሪፊን «ትንሹ ግዙፍ» ይሉታል። እሱ ደግሞ ኖታ በኖታ ላይ እያነባበረ ይሮጣል። ትንፋሹን መቼ እንደሚስብ ግራ ይገባል። ሁለት አድማጭ አስቀምጣችሁ ማን አሸነፈ ብትሉ ይጣላሉ። እኔ ግን ዴቪስ ባይቆርጥ የግሪፊን ሩጫ እንዲህ ባላማረ ነበር እላለሁ።

ከኋላቸው ጁኒየር ማንስ በፒያኖ፣ ላሪ ጌልስ በቤዝ፣ ቤን ራይሊ በድራም አሉ። ፍልሚያው ሲጦፍ እንኳ ምቱ አይናወጥም። ጌልስና ራይሊ በኋላ ሁለቱም የመንክ ባንድ አባላት ሆነዋል። ግሪፊን ደግሞ በ1958 ከመንክ ጋር ፋይቭ ስፖት ክበብ ውስጥ ተጫውቷል። ስለዚህ «ስትሬት ኖ ቼዘር»ን የመሰለ የመንክ ዜማ በዚህ ቤት መሰማቱ ተገቢ ነው። ለጀማሪ የምመክረውም እሱን ነው። ዜማው ብሉዝ፣ ማለትም በአጭር ዙር የሚደጋገም ቅርጽ፣ ስለሆነ ጆሮ መንገዱን ቶሎ ይለምዳል፤ ከዚያ ማን እየነፋ እንደሆነ ዓይን ጨፍኖ መለየት ይቻላል።

ጥምረታቸው ብዙ አልቆየም። በ1960 ተጀምሮ በ1962 አበቃ። በ1963 ግሪፊን ወደ አውሮፓ ሄደ፤ በ2008 ያረፈውም ፈረንሳይ ነው። ዴቪስ በ1986 አረፈ። በመሐል ግን በ1970 ጀርመን፣ ኮሎኝ ላይ ተገናኝተው ሌላ አልበም ቀድተዋል።