‘ሙይንቱ’ ምንድን ነው?

ፖርቱጋልኛ መማር የጀመረ ሰው ቶሎ ከሚያገኛቸው ቃላት አንዱ ‘ሙይንቱ’ ነው። ‘ብዙ’ ማለት ነው፤ ‘በጣም’ ማለትም ነው። እኛ ለሁለት ያካፈልነውን ሥራ ፖርቱጋሎች ለአንድ ቃል ሰጥተውታል። ‘ሙይንቱ ዲኜይሩ’ ብዙ ገንዘብ ነው፤ ‘ሙይንቱ ካሩ’ ደግሞ በጣም ውድ።

የትኛው እንደታሰበ የሚታወቀው ከኋላው በሚመጣው ቃል ነው። ስም ከተከተለው፣ ቃሉ በጾታና በቁጥር ስሙን ይመስላል፦ ‘ሙይንታ አግዋ’ (ብዙ ውሃ)፣ ‘ሙይንቱስ ሊቭሩስ’ (ብዙ መጻሕፍት)፣ ‘ሙይንታስ ኦራስ’ (ብዙ ሰዓታት)። ቅጽል ሲያጠነክር ወይም ከግስ ጋር ሲሄድ ግን ንቅንቅ አይልም። ስለ ሴት ሲነገር እንኳ ‘ሙይንቱ ቦኒታ’ (በጣም ቆንጆ) ነው የሚባለው፤ ‘ሙይንታ ቦኒታ’ የጀማሪ ስሕተት ነው። ለዚህ ከምስጋናቸው የተሻለ ምሳሌ አላውቅም፦ ወንድ ‘ሙይንቱ ኦብሪጋዱ’ ይላል፣ ሴት ‘ሙይንቱ ኦብሪጋዳ’። የሚለወጠው ሁለተኛው ቃል ብቻ ነው። ‘ወደድከው?’ ተብሎ ለተጠየቀ ሰው ደግሞ ‘ሙይንቱ!’ ብቻውን ሙሉ መልስ ነው፤ እኛም ‘በጣም!’ ብለን እንደምናልፈው።

የቃሉ ምንጭ የላቲኑ ‘ሙልቱስ’ ነው፤ ከላቲን የተወለዱት እኅት ቋንቋዎችም ወርሰውታል። ጣልያንኛ ‘ሞልቶ’ ብሎ ከሞላ ጎደል እንዳለ ይዞታል፤ እሱም እንደ ፖርቱጋልኛው ሁለቱንም ሥራ ይሠራል። በስፔን ሰሜን ምሥራቅ የሚነገረው ካታላንኛ ‘ሞልት’ ይላል። በስፔን ሰሜን ምዕራብ የሚነገረው የፖርቱጋልኛ የቅርብ ዘመድ ጋሊስኛ ‘ሞይቶ’ ይለዋል። ስፓንኛ ግን ቃሉን ለሁለት ከፈለው፦ ከስም ፊት ‘ሙቾ’፣ ከቅጽል ፊት ‘ሙይ’። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ ይቀልላል፤ ‘ሙቾ’ን ‘ብዙ’፣ ‘ሙይ’ን ‘በጣም’ ብሎ መያዝ አብዛኛውን ጊዜ ያስኬዳል። ሮማንኛም (የሮማንያ ቋንቋ) ለ‘ብዙ’ ‘ሙልት’ን አስቀርቶ ለ‘በጣም’ ‘ፏርቴ’ን አመጣ፤ ይህኛው ‘ብርቱ’ ከሚለው የላቲን ቃል የወጣ ነው። ከቤተሰቡ ያፈነገጠው ፈረንሳይኛ ነው። ድሮ ‘ሙልት’ የሚል ቃል ነበረው፤ ከዚያ ትቶት ‘ቦኩ’ እና ‘ትሬ’ን ወሰደ። ‘ቦኩ’ ሲፈታ ‘ጥሩ ምት’ ማለት ነው። ምት እንዴት ‘ብዙ’ን ለመግለጽ እንደበቃ ሳስበው ሁልጊዜ ይገርመኛል።

የድምፁን ለውጥ በተመለከተ፣ በምዕራብ አይቤሪያ (ፖርቱጋልና ስፔን ባሉበት ልሳነ ምድር) ከ‘ት’ በፊት የነበረው ‘ል’ ወደ ‘ይ’ ላላ፤ ስፓንኛ አንድ እርምጃ ሄዶ ‘ይት’ን ‘ች’ አደረገው። ስለዚህ የፖርቱጋልኛው ‘ሙይቶ’ (‘ሙይንቱ’ ሲጻፍ እንዲህ ነው) እና የስፓንኛው ‘ሙቾ’ የአንድ ቃል ሁለት መልክ ናቸው። የላቲኑ ‘ክት’ም መጨረሻው እዚያው ነው፦ ለ‘ሌሊት’ ፖርቱጋልኛ ‘ኖይቲ’ ሲል ስፓንኛ ‘ኖቼ’፣ ለ‘ወተት’ ‘ሌይቲ’ ሲል ‘ሌቼ’ ይላል። ይህችን ሕግ የያዘ ሰው አንዱን ቋንቋ እያወቀ የሌላውን ቃል መገመት ይችላል።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር። ቃሉ ሲጻፍ ‘ሙይቶ’ ነው፤ ‘ን’ የሚባል ፊደል የለበትም። ሲነገር ግን በአፍንጫ ነው የሚወጣው፤ በእኛ ፊደል ‘ሙይንቱ’ ብዬ የምጽፈውም ለዚህ ነው። ጥፋተኛዋ መነሻዋ ‘ም’ ናት፤ የአፍንጫ ድምፅ ስለሆነች የተከተሏትን አናባቢዎች ቀለሟን ቀባቻቸው። ‘እናት’ የሚለው ቃላቸውም በዚሁ መንገድ ‘ማይን’ ሆኗል። ልዩነቱ በ‘ማይን’ ላይ የአፍንጫ ምልክት ሲደረግ በ‘ሙይንቱ’ ላይ አለመደረጉ ነው። አጻጻፉን ብቻ አይቶ በትክክል ማንበብ ስለማይቻል ቃሉን በጆሮ መልመድ ግድ ነው።

ቃሉን በአፍንጫ የማውጣቱ ልማድ ዘግይቶ የመጣ ይመስላል። ፖርቱጋላዊው ገጣሚ ሉዊስ ዴ ካሞይንስ በ1572 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ረጅም ግጥም ‘ኦስ ሉዚያዳስ’ ሦስተኛ ክፍል፣ ስለ ተገደለችው የልዑል ፍቅረኛ ኢነሽ ዴ ካስትሮ በሚተርክበት ቦታ፣ ይህን ቃል ‘ፍሩይቱ’ (ፍሬ) እና ‘ኤንሹይቱ’ (ደረቅ) ከሚሉት ጋር ቤት ያስመታዋል። ቤት በሚመታው መጨረሻቸው ሁለቱም የአፍንጫ ድምፅ የለባቸውም። ቢያንስ በግጥም ጆሮ ያኔ ‘ሙይቱ’ ነበር ማለት ነው። ዐፄ ገላውዴዎስን ለመርዳት ከክሪስቶፎር ዳ ጋማ ጋር በ1541 እ.ኤ.አ. በምጽዋ የገቡት የፖርቱጋል ወታደሮች የዚያው ዘመን ሰዎች ናቸው፤ አነጋገራቸው ለዛሬው የሊዝበን ሰው ትንሽ እንግዳ ሳይሆንበት አይቀርም።

ለእኛ የሚመች አንድ ነገር ልጨምር። ‘ብዙ ሰው መጣ’ ስንል ስሙንም ግሱንም በነጠላ እንተዋቸዋለን። ፖርቱጋልኛም ‘ሙይንታ ዤንቲ’ (ብዙ ሰው) ይላል፣ ግሱም ነጠላ ይሆናል። ብራዚሎች በዕለት ወሬያቸው ከዚህም ያልፋሉ፤ መጻሕፍት የሞላውን ክፍል እያዩ ‘ሙይንቱ ሊቭሩ’፣ ቃል በቃል ‘ብዙ መጽሐፍ’፣ ይላሉ። በጽሑፍ ግን ‘ሙይንቱስ ሊቭሩስ’ን መጠቀም ይሻላል።